ላብ ያጠመቀው ፈረስ

ይህን የምጽፈው ፈረስ ላላችሁ ሰዎች ነው። የሌላችሁም ብታነቡት አይጎዳችሁም። ፊደል የለየሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ አሳምሬ መጻፍ አልችልም። የሆነውን ግን አውቀዋለሁ፤ እኔው ላይ ነው የሆነው።

ንጉሡ ገና እንጦጦ ላይ ሰፍረው ሳሉ፣ አዲስ አበባ የሚባል ስም ከመሰማቱ በፊት፣ የአንድ ትልቅ መኮንን ፈረስ ጠባቂ ነበርኩ። ሰፈራችን ከራጉኤል ዝቅ ብሎ፣ የጽድ ዛፉ ከሳሳበት ሜዳ ላይ ነበር። ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር ያኔ የለም። የጌታዬ ፈረስ ገስግስ ይባላል። እሳቸውንም ሰው ሁሉ አባ ገስግስ ነው የሚላቸው። በዚያ ዘመን መኮንን በፈረሱ ስም ስለሚጠራ፣ የጌታ ፈረስ እጅህ ላይ ሞተ ማለት የጌታህን ስም ጣልክ ማለት ነው። እኔ ሠላሳ ያልሞላኝ፣ ጉልበቴ የደነደነ፣ ከያዝኩት ነገር ንቅንቅ የማልል ሰው ነበርኩ። አሁንም ያው ነኝ ይሉኛል። ይበሉኝ።

ያኔ ስለ ፈረስ የማውቀው ይህን ነበር። ላብ ያለበት ፈረስ ውሃ ከጠጣ ልቡ ይቆማል። ገብስ በልቶ ውሃ ከጠጣ ገብሱ ሆዱ ውስጥ አብጦ አንጀቱን ያፈነዳዋል። የደከመ ፈረስ ደግሞ ወዲያው ገብስ ካልበላ ጉልበቱ አይመለስም። ማን ነገረህ ብትሉኝ ሁሉም ነው የነገረኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ፈረስ ጠባቂዎች እንደዚያ ሲያደርጉ አየሁ፣ እኔም አደረግሁ። አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

በመጋቢት ወር ጌታዬ መልእክት ይዤ አቃቂ ማዶ ደርሼ በዚያው ቀን እንድመለስ አዘዙኝ። በገስግስ ሂድ አሉኝ። ደስ አለኝ። ሰው እንዲያየኝ ብዬ ስሄድም ስመለስም ጋለብኩት። ማለዳ ወጥቼ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የካ ግርጌ ስደርስ ፈረሱን ላብ አጥምቆት፣ ከልጓሙ አረፋ ይንጠባጠብ ነበር።

እዚያ ጉተማ የሚባል ኦሮሞ ገበሬ አለ። ሁለት ባዝራዎች አሉት፣ ምንጩም ከቤቱ አጠገብ ስለሆነ መንገደኛ ሁሉ እሱ ደጅ ነው የሚያርፈው። ሚስቱ ጫልቱ ጠላ ቀዳችልኝና ገስግስን ከግንድ ጋር አስሬ ገባሁ። ሁለት ዋንጫ ጠጥቼ ብቅ ስል ፈረሴ ተፈትቷል፣ አፉን ገንዳ ውስጥ ከቶ ይጠጣል፤ ጉተማ ጋማውን እያሻሸ ቆሟል።

ሮጬ ልጓሙን ጎተትኩት። ሦስት ጊዜ ሳይጎነጭ አይቀርም፣ ከዚያ በላይ ግን አልጠጣም።

«አንተ ሰውዬ! ልትገድለው ነው?»

«ጠምቶታል» አለኝ።

«ላቡን አታይም?»

«ላቡን አይቼ ነው የሰጠሁት። ይኼ ሁሉ ላብ ከየት የወጣ ይመስልሃል? ከሆዱ ውሃ ነው እኮ።»

«የማታውቀው ነገር ውስጥ አትግባ።»

«እኔ ፈረስ ላይ ነው ያደግሁት።»

«እኔስ በግ ላይ ነው ያደግሁት?» አልኩትና አንገቱን ወደ ገንዳው የሚያስረዝመውን ፈረስ እየጎተትኩ አቀበቱን ያዝኩ። ፈረሱ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ይኼን ያስተዋልኩት ኋላ ነው።

ሰፈር ስደርስ እፍረት ያዘኝ። ፈረሱ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ያደከመውም የእኔ ጉራ ነው። ጌታዬ በማግስቱ ሲያዩት በርትቶ እንዲጠብቃቸው ብዬ በአንድ ቁና ፈንታ ሁለት ቁና ገብስ ሰጠሁት። ውሃ አላሳየሁትም። ላብ ነበረበት፣ ከዚያም ገብስ በላ፣ ስለዚህ እንደ እውቀቴ ውሃ ሁለት ጊዜ የተከለከለ ነው። አስሬው ሄድኩ።

ሲነጋ ገስግስ መሬት ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ይነሳል፣ ይቧጥጣል፣ አንገቱን አዙሮ ሽንጡን ያያል፣ ደግሞ ይወድቅና ይንከባለላል። ፀጉሩ እንደገና ረጥቧል። የፈረስ ቁርጠት ያየ ሰው አይስተውም።

የጋጣው አለቃ ባልደራስ ሽፈራው መጡ። ቁመተ ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር፣ በፈረስ ጉዳይ ዳኝነቱም በእጃቸው ነው።

«ምን ነካው?» አሉኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ አድምጡኝ። ደፍሬ ሁለት ቁና ገብስ ሰጠሁት ብል ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እኔ ግን አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነው።

«የካ ላይ ጉተማ የሚባል ሰው ላቡ ሳይደርቅ ውሃ አጠጣው፣ ጌታዬ።»

ሳልዋሽ ዋሸሁ። ስናገር ራሴም አመንኩት፤ ውሃው ነው ብዬ አምኛለሁ። ሁለቱ ቁና ግን ሆዴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ነበር።

ሁለት ወታደር ይዤ ወርጄ ጉተማን አመጣሁት። ባልደራሱ ከጽዱ ሥር ተቀምጠው ሰሙን።

«አጠጥተኸዋል?»

«አጠጥቼዋለሁ» አለ ጉተማ። «ይኼ ሰውዬ ባይጎትተው ጠግቦ ይጠጣ ነበር።»

ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ራሱን ያሳሰረ መሰላቸው። እኔም ደስ አለኝ፤ አፍራለሁ እንጂ ደስ ብሎኛል።

ባልደራሱ ፈረዱ። «ፈረሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሞተ ጉተማ አርባ ጅራፍ ይገረፋል። ክሱ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ አርባው የከሳሹ ነው። እስከዚያ ቁራኛ ይሁኑ።»

ቁራኛ ማለት ለዛሬ ልጆች ልንገራችሁ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርዱ እስኪያልቅ በአንድ ሰንሰለት ይታሰራሉ። እሱ እንዳይጠፋ እኔ እጠብቀዋለሁ፣ እኔም ክሴን ጥዬ እንዳልሄድ እሱ ይጠብቀኛል። የእሱን ቀኝ ከእኔ ግራ እጅ ጋር አሰሩን። ሰንሰለቱ ክንድ አይሞላም።

«እንግዲህ ተጋባን» አለኝ ጉተማ።

«ዝም በል።»

«ሚስቴ ሳትሰማ መሆኑ ደግ ነው።»

ፈረሱን የማንቀሳቅሰው እኔ ስለነበርኩ እሱም አብሮኝ ይዞር ጀመር። ገስግስ እንዳይንከባለል ሜዳውን እናዞረዋለን። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ያቃስታል። ላንቃውን በጥተን ደም አፈሰስን። ባልደራሱ ያዘዙት ነው። ጉተማ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«የቀረችውን ፈሳሽ ደግሞ ከአፉ አወጣችሁለት» አለ።

«ደሙ ቢወጣለት አይሻለውም?» አልኩት።

«አንተ ሲጠማህ ደምህን ታፈሳለህ?»

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ገስግስ ድዱ ደርቆ ምላሱ እንደ ቁርበት ሆነ። በጣቴ ነካሁት፣ ጣቴ ተጣበቀ። እንደዚያ ደርቆም ውሃ ልስጠው የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም። እንዲያውም «ይኸው፣ ያ ውሃ አቃጠለው» ነው ያልኩት። ሰው የያዘውን ነገር ሲይዝ እንዲህ ነው።

እኩለ ቀን ሲያልፍ ጉተማ ድንገት ቆመ፣ ሰንሰለቱ እኔንም አቆመኝ። ጆሮውን ገስግስ ሽንጥ ላይ ሲለጥፍ እጄ ስለተጎተተ እኔም ሳልወድ ተጠጋሁ።

«አድምጥ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ዝም ብለህ አድምጥ።»

ጆሮዬን አደረግሁ። የጤነኛ ፈረስ ሆድ ወፍጮ ቤት ነው፣ ሁልጊዜ ይጉረመረማል። ይኼኛው ጭጭ ብሏል። ሰው የለቀቀው ቤት በር ላይ ጆሮህን ብታደርግ እንዲያ ነው። በሥራዬ ዘመን ሁሉ የፈረስ ሆድ አዳምጬ አላውቅም ነበር። ፍርሃት የያዘኝ ያኔ ነው።

ወዲያው ገስግስ አማጠና አንድ ነገር ጣለ። አንዲት ፋንድያ፣ ጥቁር፣ ደረቅ፣ እንደ ጠጠር መሬት ላይ የነጠረች። ጉተማ ጎንበስ ብሎ አነሳት፣ እኔም አብሬ ጎነበስኩ። በሁለት ጣቱ ሰበራት። ውስጧ ያልተፈጨ ገብስ ነው፣ ፍሬው ከነገለባው፣ አንዲት ጠብታ እርጥበት የለበትም።

ጉተማ ፍሬዎቹን መዳፉ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ባልደራሱ በማይሰሙበት ድምፅ ጠየቀኝ።

«ስንት ሰጠኸው?»

ዓይኔን ወደ ባልደራሱ አዞርኩ።

«ስንት?»

«ሁለት ቁና።»

«ትናንት? እንደደረሰ? ያለ ውሃ?»

«አዎ።»

ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ መዳፉን አራግፎ ፍሬውን ጣለ። «በደረቅ ጉሮሮህ ሁለት ቁና ቆሎ ብላ ብልህ ምን ትሆን ነበር?» አለኝ።

«ለባልደራሱ ልትነግር ነው?»

«እኔ ብነግር ማን ያምነኛል? ተከሳሽ ነኝ። አንተ ነህ የምትናገረው።»

«አርባ ጅራፍ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጀርባዬ ላይ እየቆጠርኩት ነው» አለኝ።

ይህን ስንነጋገር ጫልቱ አቀበቱን ጨርሳ ብቅ አለች። እንስራ አዝላለች። ለባሏ ከራሳቸው ምንጭ የሚጠጣ ውሃ ማምጣቷ ነው፤ እንጦጦ ላይ ውሃ እንደሌለ ታውቃለች። ሰንሰለቱን አየች፣ እኔንም ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ጠላዬን የጠጣኸው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ሆድህን ይቁረጠው።»

«ጫልቱ፣ ተይው» አላት ጉተማ። «ሆዱን የቆረጠው ሌላ ነው። ውሃውን አስቀምጪው።»

«ጠጣ እንጂ!»

«ከእኔ በፊት የሚጠጣ አለ።»

«ለአንተ ያመጣሁትን ለፈረስ? ያውም ላሳሰረህ ፈረስ?»

«ፈረሱ አላሳሰረኝም» አለና ወደ እኔ ዞረ።

ገስግስ እንስራው ወደተቀመጠበት አፍንጫውን ዘረጋ። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ከሳሹ እኔ ነኝ፣ ፈረሱም በእኔ እጅ ነው፤ እኔ ካልፈቀድኩ አይጠጣም። ባልደራሱ ነገሩን አይተው ተነስተው መጡ።

«ምን እየሆነ ነው?»

ቀጥሎ ያልኩት ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ያ የሆዱ ዝምታ ጆሮዬ ውስጥ ስለነበር ነው።

«ውሃ ይሰጠው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«አንተ ነህ ይህን የምትለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ውሃ ገደለው ብለህ ከሰህ ውሃ ካጠጣኸው ክስህን በገዛ እጅህ አፈረስክ። ቢሞት አንተ ገደልከው። ቢድን ደግሞ በሐሰት ከሰስክ። በሁለቱም በኩል ጅራፉ ያንተ ነው። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«እና?»

«ይጠጣ። ትናንት ማታም ሁለት ቁና ገብስ ሰጥቼዋለሁ፣ ያለ ውሃ። አልተናገርኩም ነበር።»

ባልደራሱ «እሺ» አሉ። ከዚያ ተመልሰው ሄደው ተቀመጡ።

ጉተማ ውሃውን በቅል ቀዳ፣ ከፈረሶቹ አሞሌ ላይ ፈርፍሮ ቁንጥር ጨው ጨመረበት። ገስግስ አሸተተና አፉን አነሳ። አልጠጣም። ጉተማ መዳፉን አርሶ ከንፈሩን አበሰለት፣ ድዱን አበሰለት፣ እንደ ሕፃን። ደጋግሞ። በሦስተኛው ምላሱ ወጣች። አንድ ጊዜ ጎነጨ። ቆየና ደግሞ ጎነጨ። ቅሉ ሲያልቅ ሌላ ቀዳለት።

«አሁን አይበቃውም?» አልኩ።

«እሱን ጠይቀው።»

ትንሽ አዞርነው፣ ደግሞ አጠጣነው። በመሃል ድንገት ጉልበቱ ከዳውና ወደ እኛ ወደቀ። እኔ ወደ ቀኝ ልሸሽ ስል ጉተማ ወደ ግራ ሸሸ፣ ሰንሰለቱ ሁለታችንንም አስቀረን። የፈረሱ ጎን እግራችን ላይ አረፈ። ጫልቱ ጮኸች። ጉተማ «ወደ እኔ! ወደ እኔ!» እያለ ጎተተኝ፣ በአንድ ላይ ተንከባለልን፣ ገስግስ አራት እግሩን ወደ ሰማይ አንስቶ ዞረ። ኮቴው ከጆሮዬ አንድ ስንዝር ላይ አለፈ። አለቀ አልኩ። እሱም፣ እኔም።

ፈረሱ ግን ራሱ ተነሳ። ተነስቶ ተንዘፈዘፈ። እኛም አቧራችንን ሳናራግፍ እኩል ሮጠን ጆሯችንን ሽንጡ ላይ ለጠፍን፣ ፊት ለፊት፣ የጉተማ ትንፋሽ ፊቴ ላይ።

«ሰማህ?» አለኝ።

ከሩቅ፣ ከጥልቅ፣ አንዲት ድምፅ። ብልቅ። ዝም። ደግሞ ብልቅ።

«ሰማሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን መጠበቅ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ፀሐይ ወደ መናገሻ ተራራ እያዘቀዘቀች ነው። ባልደራሱ፣ ወታደሮቹ፣ ፈረስ ጠባቂው ሁሉ የአንድ ፈረስ ኋላ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቆመዋል። ገስግስ ጭራውን ባነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል፣ ሲመልሳት ይተነፍሳል። ጫልቱ ብቻ «ለዚህ ነው አቀበት የወጣሁት?» አለች።

ፀሐይ ጫፍ ላይ ስትደርስ ጭራው ተነሳች፣ አልተመለሰችም። ወደቀ። ለስላሳ፣ አረንጓዴ፣ እንፋሎት የሚወጣው፣ ክምር። ወታደሩ ሁሉ እልል አለ። ለፋንድያ እልልታ ሰምቼ የማውቀው ያኔ ብቻ ነው። ጉተማ የታሰረ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ የእኔም እጅ አብሮ ተነሳ።

ባልደራሱ ሰንሰለቱን አስፈቱ። ከዚያ እኔን ወደ መሃል አስወጡኝ። «አርባ» አሉ። ወዲያው ወደ ጉተማ ዞሩ። «የተበደልከው አንተ ነህ። ልትምረው ትችላለህ።»

ጉተማ የታሰረበትን አንጓ እያሻሸ አሰበ። ተስፋ አደረግሁ። ቀኑን ሙሉ አብረን ወድቀናል፣ አብረን ተነስተናል።

«የእኔን ድርሻ ሃያውን ምሬዋለሁ» አለ። «ሃያው ግን የፈረሱ ነው። የእሱን እኔ መማር አልችልም።»

ሃያ ተገረፍኩ። ሁሉም ደረሱኝ፤ አንዱም ያለ ቦታው አልወደቀም። ጉተማ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀኝና ደግፎ ወደ ጋጣው አስገባኝ። ጫልቱ ከእንስራው የተረፈውን ውሃ ሰጠችኝ። «ላብህ ሳይደርቅ አይጠጣም እንዳትለኝ» አለች። ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብኩ። ያን ሁሉ ዘመን ፈረስ ላቡ ሳይደርቅ አይጠጣም፣ ገብስ በልቶ አይጠጣም ስንል የኖርነው ለምንድን ነው? እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። እንጦጦ ላይ ውሃ በጀርባ ነበር የሚወጣው። ለሃያ ፈረስ ስንት እንስራ እንደሚፈጅ አስቡት። ውሃ አይስማማውም የሚለው ወሬ ለፈረሱ ሳይሆን ለእኛ ለጠባቂዎች ነበር የተመቸን። ማንም ተነስቶ ዋሸ አላልኩም። የተመቸ ወሬ ግን ጠያቂ የለውም። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ግትርነቴን አልተውኩም፤ የምገትርበትን ነገር ግን አስቀድሜ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጠዋለሁ።

ሰው ከዚያ ምን ተማረ ካላችሁ ደግሞ ላስቃችሁ። ባልደራሱ እስኪሞቱ ድረስ ፈረሱን ያዳነው የላንቃው ደም ነው አሉ። ሌላው ሰው ግን «የለም፣ ሰንሰለቱ ነው» አለ፤ ሁለት ጠላቶች በአንድ ሰንሰለት ታስረው ቢዞሩት ቁርጠት ይለቃል ተባለ። ዓመት ሳይሞላ፣ አሁን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሚባለው ቁልቁለት አንድ ሰው እያለከለከ መጣ።

«ወንድሜ፣ ያን ሰንሰለት አውሰኝ። ፈረሴ ሊሞትብኝ ነው።»

«ውሃ ሰጥተኸዋል?»

«ኧረ ላብ አለበት! እንዴት ብዬ?»

ነገርኩት። አስረዳሁት። ጀርባዬን ገልጬ አሳየሁት። ሰውዬው ግን እኔን አይሰማም፣ ሰንሰለቱን ነው የሚያየው። ጊዜው እየሄደ ነው፣ ፈረሱ እዚያ ወድቋል። ስለዚህ ጋጣ ገብቼ እዚያ የቀረውን ሰንሰለት አመጣሁና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አንድ ነገር ልብ በል» አልኩት። «ይኼ ሰንሰለት ደረቅ ፈረስ ላይ አይሠራም። አንገቱ ላይ አድርገህ ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ በቅል በቅል ትሰጠዋለህ፣ እሺ እስኪል። ፈረሱ ገብስ ካሸተተ ግን የሰንሰለቱ ኃይል ይጠፋል።»

«እስከ መቼ?»

«ሆዱ እስኪጮህ።»

በሦስተኛው ቀን ፈረሱን ራሱ ጋልቦ ሰንሰለቱን መለሰልኝ። ብረቱን ስሞ ነው የሰጠኝ።

ለእሱ ዋሸሁ፤ ፈረሱ ጊዜ አልነበረውም። እናንተ ግን ጊዜ አላችሁ፣ ስለዚህ እውነቱን ጽፌላችኋለሁ። ለእናንተ የማውሰው ሰንሰለት የለኝም። ከመንገድ ስትገቡ ውሃውን አቅርቡለት፣ ቀስ እያለ ይጠጣ፤ ሣር ይቀምስ፣ ትንፋሹ ይረፍ። ገብሱ የትም አይሄድም።